እናቴ የለመደችውን አፕ ለምን ቀየሩባት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«እናቴ 64 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ እኔ አዲስ አበባ። የባንኳን አፕ ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ማንም እርዳታ ስትጠቀም ነበር። የእድር ትልካለች፣ የመብራት ትከፍላለች፣ ለእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ትከፍላለች። ባለፈው ወር አፑ ‹ተሻሻለ› ተባለና ሁሉ ነገር ቦታውን ቀየረ። አሁን የጎረቤት ልጅ እየጠራች ነው የምታስልከው። እኔም ራሴ ግራ ገብቶኛል። ድሮ ሦስት ጊዜ ነክቼ የምጨርሰው አሁን ሰባት ሆኗል። ይህን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው አይጠቀሙበትም? ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል? ለማንስ ነው አቤት የሚባለው?»

እህቴ፣ ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ዛሬውኑ ለእናትሽ ደውይላቸውና የሚስጥር ቁጥራቸውን ይቀይሩ። የጎረቤት ልጅ እየገባ የሚልክላቸው ከሆነ ፒናቸውን አውቆታል ማለት ነው። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ጓደኛው ግን ማን እንደሆነ አናውቅም። ለእኔ የዚህ ለውጥ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። ሦስቱ ሰባት መሆኑ ከሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ የክፍያ አፕ በመሥራት 12 ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ኮድ እጽፍ ነበር፤ በኋላ ስክሪኖቹን ወደ መንደፍ ገባሁ። ስለዚህ «የሚሠሩት ሰዎች» ካልሻቸው ውስጥ እኔም አለሁበት።

ራሳቸው አይጠቀሙበትም ወይ ብለሻል። ይጠቀሙበታል። አዲሱን ስክሪን የሚሠራው ልጅ ግን ስድስት ወር ሙሉ ሲያየው ነው የሚከርመው። ዛሬ አንድ በተን ይነሳል፤ በሳምንቱ ሌላው ይዛወራል። እሱ ከለውጡ ጋር እኩል እየተራመደ ነው የመጣው። አፑ በሚለቀቅበት ቀን ለእሱ ምንም አዲስ ነገር የለውም። እናትሽ ግን ማታ ተኝተው ጠዋት ሲነሱ የቤታቸው ዕቃ በሙሉ ተዛውሮ ነው ያገኙት። ጨው ከነበረበት የለም፤ ምድጃው በሌላኛው ግድግዳ ሆኗል። በዚያ ላይ ልጁ የሚሞክረው በአዲስ ስልክ፣ በቢሮ ዋይፋይ፣ ብዙ ጊዜም አፑን በእንግሊዝኛ አድርጎ ነው። ዓይኑም የ26 ዓመት ዓይን ነው።

ይህን የማውቀው በወሬ አይደለም፤ ስላደረግኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ አፕ ላይ ዋናውን ገጽ ቀየርነው። ድሮ አራት ትልልቅ ሣጥኖች ነበሩት፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። አያምሩም ተባለ። «የሕፃን መጫወቻ ይመስላል» ያለ ሰው ትዝ ይለኛል። ሁሉንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ አደረግናቸው፤ አሳነስናቸው፤ ቅርጻቸውንም አመሳሰልን። ስክሪኑ አማረ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልን።

በተለቀቀ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቅርንጫፍ ሄጄ ከደንበኞች መስተንግዶ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ መጡ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ይሆናሉ። ስልካቸው በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ላስቲኩ ላይ የበርበሬ ቀይ ብናኝ አለ። «ቀዩ የት ሄደ?» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀዩ ማለት ገንዘብ መላኪያው ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ቁጥር ግን አሳምረው ያውቃሉ። አፑን የተማሩት በቀለም ነው። ቀዩን ይነካሉ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ከላይ ሁለተኛውን ይነካሉ፤ እሱ ጅምላ አከፋፋያቸው ነው። ብሩን ይመታሉ፤ ይልካሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። «አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም» አሉኝ። እኛ ቀዩን ስናነሳ ያነሳነው ቀለም መስሎን ነበር። ለእሳቸው ፊደላቸው ነበር።

አዲሱን ቦታ ሳሳያቸው እንኳ ጣታቸው ወደ ድሮው ይሄዳል፤ ወደ ታች፣ በስተግራ። እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጥነው የብድር ማመልከቻ ነበር። ሦስት ጊዜ እሱን ከፈቱ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ከዚያ ስልኩን አጠገባቸው ለቆመ ወጣት ሰጡትና «እስቲ አንተ ላክልኝ» አሉት። ፒናቸውንም ነገሩት። ጮክ ብለው ነው የነገሩት። ወረፋ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ።

ያን ቀን ያየሁትን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አላገኘሁትም። በሪፖርታችን ላይ የሰፈረው የብድር ገጹን የሚከፍት ሰው ቁጥር ጨመረ የሚል ነው። የእኚያ ሴት ሦስት ንክኪም እዚያ ቁጥር ውስጥ ገብቷል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሰው አንድን ዕቃ ሲለምድ እውቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ እጁ ይወርዳል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ስታዞረው ክቡን ለክታ አይደለም። እጇ ያውቀዋል። ምጣዱን ብትቀይሪባት የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይበላሻሉ። እነሱ ቢበላሹ ሊጥ ነው የሚጠፋው። እዚህ የሚጠፋው ግን ገንዘብ ነው፤ ከገንዘብም በላይ ሰው ራሱን ችሎ መሥራቱ ነው።

ይህ የእጅ እውቀት የተጠቃሚው ንብረት ነው። እናትሽ ሦስት ዓመት ለፍተው ያጠራቀሙት ነው። አፕዴት ሲታቀድ ግን ወጪ ተብሎ አይመዘገብም። የዲዛይነር ደመወዝ ይመዘገባል፤ የሰርቨር ኪራይ ይመዘገባል። ሰው ሁሉ እንደገና ለመማር የሚያጠፋው ጊዜ የትም አይሰፍርም፤ የሚከፍሉት እነ እናትሽ ናቸውና።

ትልልቆቹም ኩባንያዎች በዚሁ ወድቀዋል። ማይክሮሶፍት የስታርት በተንን (የፕሮግራሞቹን ዝርዝር የሚከፍተውን) ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1995 በዊንዶውስ 95 ነው። ታች፣ በስተግራ ጥግ። 17 ዓመት እዚያው ኖረ። ኦክቶበር 2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ በተኑ የለም። የነበራቸው ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ሰው ፕሮግራሞቹን ታች ባለው መስመር ላይ ስለሚሰካ የስታርት ሜኑን የሚከፍትበት ጊዜ እየቀነሰ መሆኑን መረጃቸው ያሳይ ነበር። ሆኖም ሰው ኮምፒውተሩን ማጥፋት አቃተው። ለማጥፋት ማውዙን ወደ ስክሪኑ ጥግ ወስዶ የተደበቀ መስመር መጎተት ያስፈልግ ነበር። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 2013፣ በዊንዶውስ 8.1 በተኑ ተመለሰ። ሜኑው በሙሉ የተመለሰው ደግሞ በ2015 በዊንዶውስ 10 ነው።

ቁጥር አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደተነካ ይነግርሻል። ሰው ሲጨንቀው ምን ያህል እንደሚፈልገው አይነግርሽም። መብራት ካልጠፋ ሻማውን ማን ይነካዋል? ስላልተነካ ብለሽ ግን ከቤት አታወጪውም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ ምሳሌ አለው። ኒያላ የተባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ስንት የቢሮ ደብዳቤና ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በሱ ተጽፏል። በዊንዶውስ 10 ግን አማራጭ ሆነ፤ አማርኛን ከቋንቋ ዝርዝሩ ላይ ያልጨመረ ሰው አያገኘውም። ፋይሉን ሲከፍት ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካለታል። ፊደሉ ይነበባል። ስፋቱ ስለሚለይ ግን መስመሩ ይገፋል፤ ሠንጠረዡ ይሰበራል፤ ማውጫውና ገጹ አይገጥሙም። (ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ በሚለው ገብታችሁ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ጨምሩ፤ ኒያላ ይመለሳል።)

ነገሩ የሰው ሕይወት ያስከፈለበት ጊዜም አለ። ኦገስት 21 ቀን 2017 ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። 10 መርከበኞች ሞቱ። የመርከቧ መሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ በጣት በሚነካ ስክሪን ተተክቶ ነበር። ሊነጋ ሲል አዛዡ ለመሪ ያዡ ሥራው እንዲቀለው አሰበና ፍጥነቱን ሌላ ሰው ከአጠገቡ ባለው ስክሪን ላይ እንዲይዝለት አዘዘ። ሲያዛውሩ መሪውም ሳያውቁት አብሮ ተዛወረ። መሪ ያዡ መሪው አልታዘዘኝ አለ ብሎ ጮኸ። መሪው ግን ደህና ነበር፤ አጠገቡ ያለው ስክሪን ላይ ነው ያለው። ፍጥነት ለመቀነስ ሲሞክሩ ደግሞ መርከቧን የሚገፉት የሁለቱ ፕሮፔለሮች መቆጣጠሪያ ተነጣጥሎ ስለነበር የግራው ብቻ ቀነሰ። መርከቧ ወደ ግራ ታጠፈች፤ በነዳጅ ጫኙ መንገድ ላይ ገባች።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ዋናውን ጥፋት በሥልጠናና በቁጥጥር ማነስ ላይ አደረገ። በጣት የሚነካውን ስክሪን አሠራርም ነቀፈ። በዚያው ዓመት ባሕር ኃይሉ በእጅ የሚገፋውን የፍጥነት ዘንግ መልሶ እንደሚገጥም አስታወቀ። በእጅ የሚጨበጥ ዘንግ ጥቅሙ ምንድን ነው? የግራውና የቀኙ ዘንግ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ ወደኋላ ከቀረ በጨለማም በመዳፍሽ ታውቂዋለሽ። ስክሪን ላይ ያለ ምልክት ግን ማየትና ማንበብ ይፈልጋል፤ ለማንበብ ደግሞ ጊዜ አልነበረም።

መኪናም ላይ ይኸው ነው። ቪ ቢልኤጋረ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት በ2022 ፈተና አድርጎ ነበር። ሬዲዮ መቀየርና ማሞቂያ ማብራትን የመሳሰሉ ሥራዎች እየነዱ ሲሠሩ፣ በተኖች ባሉት የ2005 ቮልቮ 10 ሴኮንድ ወሰደ። ከአዲሶቹ ባለ ስክሪን መኪኖች ከሁሉም የዘገየው 44.9 ሴኮንድ ፈጀ። ያ ሁሉ ሴኮንድ ዓይን ከመንገድ የሚነሳበት ነው።

ታዲያ እየታወቀ ለምን ይደገማል? በተንኮል አይደለም። ቢሮ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

የአንድ አፕ ዋና ገጽ ዛሬ ቦሌ መንገድ ዳር እንዳለ መሬት ነው። የብድር ክፍሉ ይፈልገዋል። የቁጠባ ክፍሉ ይፈልገዋል። ኢንሹራንሱ፣ የበዓል ማስታወቂያው፣ አዲሱ የካርድ አገልግሎት፣ ሁሉም «ከላይ ካልሆነ ማን ያየዋል?» ይላል። እውነታቸውን ነው። ገንዘብ መላኪያውን ግን ማንም አይሟገትለትም። ሰው የትም ብትደብቂው ፈልጎ ያገኘዋል፤ የመጣው ለሱ ነዋ። ስለዚህ ቦታ ሲጠብ ሁልጊዜ የሚገፋው የሚያስፈልገው ነው። ያንቺ ሦስት ንክኪ ሰባት የሆነው በዚህ ይመስለኛል። እነዚያን አራት ንክኪዎች ማንም ቁጭ ብሎ አላቀዳቸውም። አራት ስብሰባ ላይ አራት የተለያዩ ሰዎች አንዳንድ አስገቡ።

ሌላው ሥራን ማሳየት ነው። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ የሚታይ ነገር ይፈለግበታል። ውጭ ያለ ድርጅት በጨረታ ሲገባም «አዲስ አፕ» ብሎ ነው የሚገባው። «ደህና የሚሠራውን አልነካም፤ ያልተሠራውን አስተካክላለሁ» ብሎ ጨረታ ያሸነፈ አላየሁም። ደህና ነገርን ሳይነካ በመተው እድገት ያገኘ ሰውም አላጋጠመኝም። ይህ መስተካከል አለበት፤ ከላይ ካሉት ሰዎች ጀምሮ።

አንዳንዴ ግን መቀየሩ ግድ ነው። የድሮው ኮድ ያረጃል። አዲሱ አንድሮይድ ላይ አይሠራም፤ ወይም የደህንነት ቀዳዳ አለው። ያኔ ከባዶ እንጻፈው ይባላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የቆየ አፕ ውስጥ በየዓመቱ በአንድ በአንድ ቅሬታ የተጨመሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሁለት ጊዜ እንዳይልክ የሚያደርገው። የስልክ ቁጥር በዜሮ ቢጀምርም በ251 ቢጀምርም የሚቀበለው። እነዚህ የትም አልተጻፉም፤ ኮዱ ውስጥ ብቻ ናቸው። ኮዱን ስትጥይው አብረው ይሄዳሉ። ሶኖስ የተባለው የድምፅ ማጉያ አምራች ሜይ 2024 ላይ አፑን እንደ አዲስ ሠርቶ ለቀቀ። ማንቂያ ደወል የለም። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ሙዚቃውን የሚያጠፋው ሰዓት ቆጣሪ የለም። ዓይነ ስውራን ይጠቀሙበት የነበረው የንባብ ድጋፍም ተጓደለ። የኩባንያው ኃላፊ ፓትሪክ ስፔንስ በጁላይ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጃንዋሪ 2025 ላይ ከሥራው ለቀቀ።

አለቃቀቁም አለ። ፕሌይ ስቶር አዲስ ቨርዥንን ቀስ በቀስ የመልቀቂያ መንገድ አለው። ከመቶ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ለአምስት፣ ከዚያ ለሃያ እያሉ መሄድ ይቻላል፤ ችግር ከታየ ማቆምም ይቻላል። ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ግን የምረቃ ዝግጅት ተጠርቶ፣ እንግዳ ተጋብዞ፣ ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሲለቀቅ አይቻለሁ፤ ያውም ደመወዝ በሚገባበት ሳምንት።

አሁን የእናትሽን ስልክ ልመልከት። በእጄ ባልይዘውም አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ብዙዎቹ የስልካቸውን ፊደል አሳድገው ነው የሚጠቀሙት። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ አዲስ አፕ ሲገባ በጣም የማየው ችግር ይህ ነው፦ የብሩን መጠን ለመጻፍ ሣጥኑን ሲነኩ ኪቦርዱ ከታች ይወጣል። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወደ ታች ወርዷል። «ቀጥል» የሚለው በተን ኪቦርዱ ሥር ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የብሩ መጠንና ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የሚነካ ነገር የለም። ሰውየው አፑ የቆመ ይመስለዋል። መፍትሔው አንድ ጊዜ የስልኩን መመለሻ ነክቶ ኪቦርዱን ማውረድ ነው፤ በተኑ ከሥር ብቅ ይላል። እናትሽን በስልክ ጠይቂያቸው፦ «ብሩን ከጻፍሽ በኋላ ምን ይታይሻል?» በይ። «ቁጥሮቹ ብቻ» ካሉሽ እሱ ነው። የጎረቤት ልጅ ሳያስፈልግ ዛሬ ማታ ሊፈታ ይችላል።

ሌላው የአማርኛው ነገር ነው። ስክሪኖቹ የሚነደፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ አጭር ቃል ተለክቶ ሣጥን ይሠራለታል። ከዚያ መጨረሻ ላይ አማርኛው ይገባል። «ላክ» ቢባል ይበቃ ነበር። የሚጻፈው ግን «ገንዘብ ማስተላለፍ» ነው። አይበቃውም፤ «ገንዘብ ማስተ…» ይልና ይቆማል። አጠገቡ ያለውም «ገንዘብ ማስገ…» ነው። ሁለቱን በምን ይለዩ? ሰዓቱም እንዲሁ። አማርኛ ተመርጦ እያለ ደረሰኙ ላይ 14:20 የሚል ይወጣል። ለእናትሽ ያ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያስተረጎሙት ቃላቱን ብቻ ነው።

ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል ወይ? ለባንክ አፕ፣ አይቻልም። ስልኩ ላይ የድሮውን ብትጭኚ እንኳ የባንኩ ሰርቨር አይቀበለውም። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የድሮው ቀዳዳ ካለበት ክፍት መተው የለበትም። ቴሌግራም ላይ «የድሮው ቨርዥን» እየተባለ የሚላክ ፋይል ካገኘሽ በምንም ዓይነት እንዳትጭኚው። የሌባ በር ነው። ባንክ ላልሆኑ አፖች ግን ፕሌይ ስቶር ላይ የአፑን ገጽ ከፍተሽ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ፣ በራሱ እንዳይዘምን ማድረግ ትችያለሽ። እናትሽ በሥራ ቀን ድንገት እንዳይለወጥባቸው ጥሩ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ አብራችሁ ታዘምናላችሁ።

ለእናትሽ እኔ የምመክረው የኮዱን መንገድ ነው፤ በ* ጀምሮ በ# የሚያልቀውን። ቴሌብር ከአፑ ጋር *127# አለው፤ ብዙዎቹ ባንኮችም የራሳቸው አላቸው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ቀለም የለውም፤ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታም የለውም። ስለዚህ እንደ አፑ ቶሎ ቶሎ አይቀያየርም። አንድ ድካም አለው። አንዱ መልእክት በእንግሊዝኛ 182 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 80 ብቻ ነው የሚይዘው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ። በዚህ ምክንያት የአማርኛው ሜኑ በብዙ ገጽ ይቆራረጣል፤ «ቀጣይ» የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ መምታት ያስፈልጋል። ግን ቁጥሮቹ ቅደም ተከተል አላቸው። ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ልትሰጫቸው ትችያለሽ፦ ለእድር እነዚህን ቁጥሮች በዚህ ተራ፣ ለመብራት እነዚህን። ፒኑ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ።

አፑንም መተው ካልፈለጉ፣ ስትሄጂ ስልኩን አንቺ አትያዢው። ይህን የምለው ሁላችንም ስለምናጠፋ ነው። «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብለን ስልኩን እንቀበላለን፤ ጣታችን ይሮጣል፤ እነሱ «አየሁት» ይላሉ። አላዩትም። ስልኩ በእጃቸው ይሁን። አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ። በመጀመሪያ ቀን አንድ ሥራ ብቻ፤ የእድሩን መላክ ይበቃል። ትንሽ ብር፣ አስር ብርም ቢሆን፣ ወደ አንቺ ሂሳብ አራት አምስት ጊዜ ይላኩ። ያለ አንቺ ድምፅ ሁለት ጊዜ ሲልኩ ወደ መብራቱ እለፉ። አፑ የሚላክላቸውን ሰዎች ማስቀመጫ ካለው እድሩንና ትምህርት ቤቱን እዚያ አስቀምጪላቸው፤ ከሰባቱ ሁለት ሦስቱን ይቀንሳል።

ለማን አቤት ይባላል ላልሽው። «አፑ አስጠላን፣ የድሮውን መልሱ» የሚል ቅሬታ እኛ ጋ ሲደርስ የሚሆነውን አውቃለሁ። «ሰው ለውጥ አይወድም፤ ይለምዱታል» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ንግግር በየስብሰባው ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ሁለቴም ራሴ ብዬዋለሁ። ሊታለፍ የማይችለው የተቆጠረ ቅሬታ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ድሮ ስንት ንክኪ፣ አሁን ስንት፣ የቱ ስክሪን ላይ እንደተያዙ፣ የስልኩ ዓይነት፣ ፊደሉ ትልቅ መሆኑ፣ የአፑ ቨርዥን ቁጥር። ስክሪኑን ፎቶ አንሺው፤ ስምና ሂሳብ ቁጥሩን ሸፍኚ። እንዲህ ያለ ወረቀት እጄ ሲገባ ለሚሠራው ልጅ ዛሬውኑ ልሰጠው እችላለሁ። አዛኝ ኃላፊም ቢኖር ይዞት የሚገባው ነገር ያገኛል።

የኪቦርዱ ነገር እናትሽም ላይ ከታየ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«እናቴ 64 ዓመታቸው ነው። ለእድራቸው ገንዘብ ለመላክ በቀድሞው አፕ 3 ጊዜ ይነኩ ነበር፤ አሁን 7 ጊዜ ነው። የብሩን መጠን በሚጻፍበት ስክሪን ላይ ፊደሉ ትልቅ ሲሆን ‹ቀጥል› የሚለው በኪቦርዱ ይሸፈናል። በዚህ ምክንያት ስልካቸውንና የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሌላ ሰው ለመስጠት ተገደዋል። የምንጠይቀው፦ በተኑ ሁልጊዜ እንዲታይ፣ መላኪያው ወደ ዋናው ገጽ እንዲመለስ።»

የሚስጥር ቁጥሩን ጉዳይ እንዳትተዪው። ስለ ውበትና ስለ ምቾት የሚወራ ቅሬታ ዲዛይን ክፍል ይቀራል። ደንበኛ ፒኑን ለሰው ሰጠ የሚል ቅሬታ ግን ወደ ደህንነትና ስጋት ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ስብሰባ የማስጠራት ጉልበት አላቸው።

በሁለት ቅጂ አትሚው። አንዱን ሂሳቡ ላለበት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በእጅ ስጪ፤ በሁለተኛው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጊ። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው። ባንኮች ቅሬታ ተቀብለው መልስ መስጠት አለባቸው፤ መልስ ካላገኘሽ ያንን ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዘሽ ወደ ብሔራዊ ባንክ ትሄጃለሽ። ከእድሩ አባላት እንደ እናትሽ የተቸገሩ ካሉም ስማቸውን ከሥር ይፈርሙ። እኛ ቢሮ የ12 ሰው ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት መጥቶ ያውቃል፤ የመላኪያው በተን በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል።